ነቀምቴ ላይ መኪና ማቆም

ሙሉ የኦክስጅን ሲሊንደርና ባዶው በክብደት እምብዛም አይለያዩም። የሚይዙት አየር ነው፤ የሚከብደው ብረቱ ነው። ይህን ያወቅሁት አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሲሊንደሩ ሲቆም ደረቴ ድረስ ይደርሳል። ሁለት ሰው ካልተጋገዘ ከመኪና አይወርድም። ሙሉውን አስፋልት ላይ ማንከባለል ደግሞ አይመከርም፤ አናቱ ላይ ያለው መክፈቻ ከተመታ እንደ ጥይት ይተኮሳል ይላሉ። ስለዚህ ሲሊንደር በሚቀየርበት ሱቅ በር ላይ መኪና ማቆም የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

አባቴ መምህር ነበር። በወጣትነቱ ከወሎ ተመድቦ ወለጋ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ጊዳ አያና አስተማረ፣ ጡረታ ወጣ፣ እዚያው ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር በጀመረበት በዚያ ክፉ ጊዜ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ቆይቶ ከቢላ ከተማ ወጣ ባለች መንደር፣ እህቴ ተድራ ከምትኖርበት ግቢ ጎን፣ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ቀለሰ። የሰፈሩ ሰው በኦሮምኛ «በርሲሳ» ይለዋል፤ መምህር ማለት ነው። ሳንባው ጠባሳ ሆኗል ያሉት ሐኪሞች ከነቀምቴ እንዳይርቅ መክረውት ነበር። አልሰማቸውም።

«ከአንዱ ቤቴ አስወጥተውኛል» አለን ለእኔና ለእህቴ። «ከዚህኛው የሚያወጣኝ ሬሳ ተሸካሚ ነው።»

መንደሩ ውስጥ መብራት ስለሌለ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአየር ማሽን አይሆነውም። የቀረን ሲሊንደር ነበር። እህቴ ልታስታምም፣ እኔ ሲሊንደር ላመላልስ ተስማማን። እሱም ቤቱ ሊቆይ፣ እኛም ቃሉን ልናከብርለት። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በአንድ የብረት ጠርሙስ በጊዜ መድረስ ላይ ነበር።

እኔ የዜና ሰው ነኝ። ለብዙ ዓመታት የወለጋን ከተሞች ተዘዋውሬ ዘግቤያለሁ፤ ሁልጊዜ ግን በመሥሪያ ቤት መኪና፣ ከሹፌር ጋር። ሹፌሩ በር ላይ ያወርደናል፤ ስንጨርስ ይደርሳል። በመካከሉ መኪናዋ የት እንደምትውል፣ ማን በምን ሕግ እንደሚያስከፍል ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው መንገድ እንጂ የመንገድ ዳር አያይም። አሁን የምነዳው የእህቴን ባል አሮጌ ፒክአፕ ነበር።

ሁለት ሲሊንደር አለን። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይቀየራል። ከዚያ ቀን በፊት ግን መንገዱ ለጥቂት ቀናት ተዘግቶ ስለነበር ተጠባባቂው ባዶ ሆኖ ቆየ። መንገዱ በተከፈተ ማለዳ እህቴ የቀረውን አየር የሚያሳየውን ጌጅ አየችው፤ ቀስቱ ቀዩ መስመር ላይ ተኝቷል።

«ቀንሼ ከሰጠሁት እስከ ማታ ያደርሰው ይሆናል» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተ ግን ማታን አትጠብቅ» አለች።

መናገርም አላስፈለጋትም። ኬላዎቹ ገመዳቸውን የሚዘረጉት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪምም ሙሽራም አያልፍም።

ነቀምቴ የደረስኩት ሱቆች ገና ሲከፈቱ ነው። ሲሊንደር የሚቀይረው ሱቅ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። መንገዱ ታድሶ አምሯል። የእግረኛው ዳር ሰፍቷል፣ አበባ ተተክሎበታል፣ የመብራት ምሰሶው ተደርድሯል። መኪና የሚቆምበት ቦታ ግን ጠብቦ፣ ነጭ መስመር ከተሰመረበት አንድ ረድፍ ውጭ የቀረ የለም። ረድፉ መነሻ ላይ ማቆም እንደሚቻል የሚያሳይ ሰማያዊ ሰሌዳ ቆሟል። ከሰሌዳው ሥር ቢጫ ሰደርያ የለበሱ፣ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሴትዮ ኩፖን ይዘው ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ! ወደ ፊት ጠጋ በል። ጠጋ! እሷን አበባ ከረገጥክብኝ እኔን ነው የሚተክሉኝ።»

ወረድኩና «እዚህ ማቆም ይፈቀዳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ባይፈቀድ እኔ ፀሐይ ላይ ምን አደርጋለሁ?»

«ክፍያው እንዴት ነው?»

«በግማሽ ሰዓት ነው። ካለፈ ይጨመራል። እላዩ ላይ ተጽፏል፤ ኮት ለብሰህ ማንበብ አያቅትህም።»

አነበብኩት። የመኪና ማቆሚያ ማኅበሩ ማኅተም አለው፣ የመኪናዋ ቁጥር ተሞልቶበታል። መስታወቱ ላይ ሰኩልኝ። ሰሌዳውን አየሁ፣ መስመሩን አየሁ፣ ደረሰኙን አየሁ። ሦስቱም አንድ ነገር ይናገራሉ። ሦስት ምንጭ ከተስማማ ለእኔ ዜናው እውነት ነው። ገባሁ።

የሱቁ ሠራተኞች ባዶውን አወረዱልኝ። ሙሉዎቹን የጫነው መኪና ግን ገና አልደረሰም ነበር። «መንገድ ላይ ነው» አለኝ ባለሱቁ። መንገድ ላይ መሆኑን በየመካከሉ ደጋግሞ ነገረኝ። እኔም በየመካከሉ እየወጣሁ ለሴትዮዋ ግማሽ ሰዓቱን አሳደስኩ። በመጨረሻ መኪናው የደረሰው ከጓሮ በኩል ነው፤ ሲሊንደሩን መርጬ፣ መክፈቻውን አስፈትሼ፣ ሁለት ሠራተኞች አስይዤ በፊት በር ወጣሁ።

የፒክአፗን የኋላ መዝጊያ ላወርድ ሳጎነብስ ታርጋው የለም። በቦታው አቧራ ያልነካው ንጹሕ አራት ማዕዘንና ሁለት የብሎን ቀዳዳ ቀርቷል። ወደ ፊት ዞርኩ። የፊቱም የለም። ከኩፖኑ አጠገብ መጥረጊያው ሥር ሌላ ወረቀት ተሰክቷል፤ የትራፊክ ክስ ነው። ቀና ስል ረድፉን የያዙት መኪናዎች በሙሉ ታርጋ አልነበራቸውም።

ሠራተኞቹ ሲሊንደሩን ጫኑልኝና ገመዱን አጠበቁ። እኔ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ።

«ምን ተፈጠረ?»

«እንግዳ አለ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ያልፋሉ ተባለ። መጡና እየዞሩ ፈቱ።»

«እርስዎ ደረሰኝ ሰጥተውኝ የለ?»

«የእኛ ደረሰኝ ለቦታው ነው። ታርጋ የእነሱ ነው።»

«ለምን አልጠሩኝም?»

«ጠርቼ ነበር እኮ! ‹የፒክአፕ ባለቤት› ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ሦስት ሰው ወጣ። አንዱማ ፒክአፕም የለው፤ ምን እንደሚታደል ሊያይ ነው።»

አጠገባችን አንድ ባጃጅ ነጂ እግሩን አንፈራጦ ይስቃል። «ዛሬ ከተማው ራቁቱን ነው፣ አባቴ» አለኝ። «ብቻህን አይደለህም፣ አትፈር።»

እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፤ ወይም ይሮጥ ነበር። እኔ ጠየቅሁ። ማን አዘዘ? መቼ ተነገራችሁ? በቃል ነው በጽሑፍ? ሰሌዳው ሳይሸፈን ክልከላው በምን ይታወቃል? ሴትዮዋ ትእዛዙ የደረሳቸው መኪናዎቹ ከቆሙ በኋላ መሆኑን ነገሩኝ። ባጃጅ ነጂው፣ እንግዳ ባለ ቀን ማቆም መከልከሉን ሕፃን ያውቀዋል አለ። የፀጉር ቤት ባለቤት ከበሩ ላይ ሆኖ፣ የለም፣ ክልክል የሚሆነው የግራው ረድፍ ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ። አንድ የታርጋ እጦት ባልደረባዬ፣ የፎርጎን ባለቤት፣ ባለፈው ጊዜ በግራው ረድፍ አቁሞ እንደተፈታበት መሰከረ። ሁሉንም አዳመጥኩ። ማን በዓይኑ እንዳየ፣ ማን እንደሰማ ለየሁ። ስጨርስ ፀሐይዋ ከአናታችን በላይ ነበረች።

የክስ ወረቀቱ ላይ ወደ ተጻፈው ቢሮ ሄድኩ። ከተማ ውስጥ በክስ ወረቀቱ መንዳት ይቻላል፤ ይህም የታወቀ ነው። ሲሊንደሩ ከኋላዬ በገመድ ታስሮ፣ እያንዳንዷን ጉድጓድ እየተቆጣጠርኩ ነዳሁ። ቢሮው በር ላይ መኪና ማቆም ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ አለ። ዞሬ ዞሬ፣ ከአንድ እንጨት መሰንጠቂያ በር ላይ፣ ባለቤቱን ለምኜ አቆምኩ።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት ሠራተኛ ጨዋ ነበረች። ቅጣቱን በስልኬ ከፈልኩ፤ ማረጋገጫውን አየች፤ ማኅተም መታች።

«ጨርሰዋል» አለችኝ።

«ታርጋውስ?»

«ታርጋው እዚህ አይደለም። የፈቱት ሳጅን ጋ፣ መኪናቸው ላይ ነው። እሳቸው እንግዶቹን እያጀቡ ነው።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«እንግዶቹ ሲሄዱ።»

«እንግዶቹ መቼ ይሄዳሉ?»

ፈገግ አለች። «ይህን እኔ ባውቅ እዚህ መስኮት ላይ እቀመጥ ነበር?»

«በዚህ ደረሰኝ ከከተማ መውጣት ይቻላል?»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ኬላ ላይ አይሞክሩት፣ ወንድሜ። ለራስዎ ነው የምልዎ።»

አውቀዋለሁ። በዚህ አገር መንገዶች ላይ ታርጋ የሌለው መኪና ምን እንደሚመስል፣ ኬላ ላይ የቆሙ ልጆች ሲያዩት እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጽፌበታለሁ።

ከቢሮው ስወጣ እህቴ ደወለች።

«ጫንክ?»

«ጭኛለሁ።»

«መንገድ ጀመርክ?»

 ልዋሻት አልፈለግሁም፤ እውነቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልነበረም። «ታርጋ ፈትተውብኝ እሱን እያስመለስኩ ነው» አልኳት።

«ታርጋ?» አለች፤ ቃሉን እንደ ባዕድ ቋንቋ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀንሼዋለሁ። ከዚህ በታች ብቀንስ ከንፈሩ ይጠቁራል። አስቀምጬዋለሁ፤ መተኛት አልቻለም። አየሩን ለመቆጠብ ብሎ ከእኔ ጋር ማውራት አቁሟል። በእጁ ነው የሚነግረኝ።»

አባቴ ሲናገር የኖረ ሰው ነው።

መኪናዋ ካልወጣች ሲሊንደሩ ይውጣ ብዬ መናኸሪያ ሄድኩ። ወደ ቢላ የሚጫን ሚኒባስ ነበር፤ ግማሽ ያህል ተሳፋሪ ሞልቶ። ረዳቱ ሲሊንደሩን ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይሄ ምንድነው? ቦምብ ነው?»

«ኦክስጅን ነው። ለታማሚ ነው።»

«ጋዝ ነዋ!»

ሹፌሩ ከመሪው ላይ አንገቱን አወጣ። «ኦቦ፣ ይቅርታ። ኬላ ላይ ይሄን ሲያዩ ሰዉን ሁሉ አስወርደው ነው የሚፈትሹን። ወረቀት አለው?»

«የሱቁ ደረሰኝ አለ።»

«ደረሰኝ አይደለም፤ ማን ነው፣ ለማን ነው፣ የሚል ደብዳቤ።»

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት «ውይ፣ የታመመ ሰው ነው እኮ የሚለው፣ ጫንለት» አለች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ መለሰላት፤ «አንቺ ታቅፈሽው ትሄጃለሽ?» ሰው ሳቀ። ሹፌሩም እያፈረ ሳቀ። ሚኒባሱ ሲሞላ ሄደ። ለዚያ ቀን የመጨረሻው መሆኑን ተራ አስከባሪው ነገረኝ።

የቀረኝ ሳጅኑን ማግኘት ብቻ ነበር። እንግዶቹ የተሰበሰቡበትን አዳራሽ አውቀዋለሁ፤ ስንት ስብሰባ እዚያ ዘግቤያለሁ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ፒክአፗን በእጁ አቆማት። የጋዜጠኛ መታወቂያዬን አወጣሁ። እጁ ወዲያው ወደ ሰላምታ ተቀየረ።

«ሚዲያ በዚህ በኩል!» ብሎ ግንቡን ተከትዬ እንድገባ አመለከተኝ። ከዚያ ከፒክአፗ ፊት ባዶ የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎች አየ። «ታርጋህስ?»

«ውስጥ ነው። ሳጅኑ ጋ።»

«አሃ» አለ፤ ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። «እንግዲያው ከአንተ ቀድሞ ገብቷል።»

ያን ቀን ነቀምቴ ውስጥ ያለ ክፍያ፣ ያለ ክርክር፣ በጥላ ሥር መኪና ያቆምኩት እዚያ ብቻ ነው። ካሜራ የተሸከሙ የሙያ ባልደረቦቼ ከሩቅ እጃቸውን አነሡልኝ። ለሥራ የመጣሁ መስሏቸዋል።

ሳጅኑ ሸምገል ያለ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። የትራፊኩን ፒክአፕ ተደግፎ ሬዲዮኑን ያዳምጣል። ራሴን አስተዋወቅሁ። መታወቂያዬን አገላብጦ አየው።

«ይቀረጻል?» አለኝ።

«አይቀረጽም።»

«እንግዲያው ጠይቅ።»

ጠየቅሁ። የክልከላው ሥልጣን የማን ነው? የማቆሚያ ማኅበሩ ፈቃድና የትራፊክ ትእዛዝ ሲጋጩ የቱ ይበልጣል? ባለመኪናው በቅን ልቦና ቢከፍል ቅጣቱ ለምን አይነሣለትም? ሳጅኑ አንድም ጥያቄ አላለፈም። ማኅበሩ የሚያስከፍለው ለቦታው ጥበቃና ጽዳት እንደሆነ፣ ፈቃዱ በመደበኛ ቀን ብቻ እንደሚሠራ፣ በጊዜያዊ ክልከላ ቀን ሰሌዳው ላይ ሽፋን መደረግ እንደነበረበት፣ ሽፋኑ ዘግይቶ መድረሱን፣ ቅሬታ ካለኝ በጽሑፍ ማቅረብ እንደምችል አስረዳኝ። ደጋግሜ የሰማሁት ግራ የሚያጋባ ነገር ሁሉ ጥርት አለ። ስለ መኪና ማቆም እንዲህ ያለ የተሟላ ቃለ ምልልስ አድርጌ አላውቅም። ለመጨረሻው ጥያቄ ስዘጋጅ ስልኬ ጮኸ።

እህቴ ነበረች። ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋው ግን የምታወራው ከእኔ ጋር አልነበረም። ስልኩን ደውላ ከጎኗ አስቀምጣዋለች። «ተንፍስ፣ አባዬ። በአፍንጫህ። ወደ እኔ እይ። በአፍንጫህ ተንፍስ» ትላለች። ከድምፅዋ በስተጀርባ፣ የተቀደደ ወናፍ የሚመስል ነገር ይሰማል። የስልኬ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለነበር ሳጅኑም ሰማው።

«ማን ነው?»

«አባቴ ነው።»

«ምን ሆኖ ነው?»

በጣቴ ሲሊንደሩን አሳየሁት።   ለዚያ ሁሉ ሰው ያቀረብኩት ጥያቄ ሁሉ በሥርዓት የተሰካ ነበር፤ ይህን አንድ ነገር ግን ለማንም በቅጡ አልነገርኩም።

ሳጅኑ ሲሊንደሩን አየ፤ እኔን አየ። «አንተ ሰው!» አለ። ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ድንጋጤ ነበረው። «አባትህ አየር አጥቶ እስካሁን የምትጠይቀኝ ስለ ሰሌዳ ነው?»

የመኪናውን የኋላ መዝጊያ ከፈተው። ውስጡ የታርጋ ክምር ነበር። የግል፣ የንግድ፣ የመንግሥት፤ የተጣመመ፣ የዛገ፣ አዲስ። «ፈልግ» አለኝ፤ እሱም ኮፍያውን አውልቆ ከጎኔ ተንበረከከ። ብረቱን እያንኮሻኮሽን እያገላበጥን ቁጥር እናነባለን። ባልደረቦቼ ከሩቅ ያዩናል፤ አንዱ ካሜራውን ሊያነሣ ሲል ሳጅኑ እጁን ዘርግቶ ከለከለው።

የኋላውን አገኘነው። የፊቱ ግን አልተገኘም። ክምሩን ሁለተኛ ገለበጥነው። የለም።

«ሌላው መኪና ላይ ተጭኖ ይሆናል» አለ ሳጅኑ። ፀሐይዋን አየ። «በአንዱ ሂድ።»

ብሎኖቹም አልነበሩም። ጥበቃው ከሆነ ቦታ ሲባጎ አመጣ። በሁለቱ ቀዳዳዎች አሳልፈን ታርጋውን እንደ ፍየል አሰርነው። ሳጅኑ የክሱ ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ፈረመበት። «የመጀመሪያው ኬላ ይህን ያነባል» አለኝ። «የመጨረሻውን ግን አላውቅም።»

«ገለቶማ» አልኩት። ያመሰገንኩት በአባቴ ቋንቋ ሳይሆን በእሱ ቋንቋ መሆኑን ያስተዋልኩት መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ኬላ ወረቀቱን አነበበ፤ አሳለፈኝ። ሁለተኛው አውርዶ ፈተሸኝ። ሲሊንደሩን በእጁ መታ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ምን እንደሆነ አስረዳሁት፤ ለአለቃው ደወለ፣ አለቃው አላነሣም፣ እንደገና ደወለ። አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር በፍጥነት መንዳት አልቻልኩም። ሲሊንደሩ ቢንቀሳቀስ ሁሉም ያልቃል። ብዘገይም ሁሉም ያልቃል። በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል፣ መሪውን እስኪያመኝ ጨብጬ ነዳሁ። እህቴ ሁለተኛ አልደወለችም። እኔም ለመደወል አልደፈርኩም።

የመጨረሻው ኬላ ስደርስ ገመዱ ተዘርግቷል። አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን አግድም ይዞ ቀረበ።

«ተዘግቷል። ወደ ኋላ ተመለስ።»

ወረቀት አላወጣሁም። መታወቂያም አላወጣሁም። «የበርሲሳ ልጅ ነኝ» አልኩት። «አየሩ ይሄ ነው። ካልደረሰ ይሞታል።»

ሰውየው ሲሊንደሩን አላየም። ታርጋዋንም አላየም። ወደ ጓደኛው ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጮኸ፤ ገመዱ መሬት ወደቀ።

ቤት ስገባ ጎረቤቶች በሩን ሞልተውታል። እህቴ አልጋው ላይ ወጥታ፣ አባቴን ከኋላው ተቀምጣ ደረቷ ላይ አስደግፋዋለች። አንዲት ጎረቤት በሰፌድ ታራግብለታለች። ከንፈሩ እንደ ጥላሸት ነው። ዓይኑ ግን ክፍት ነበር፤ በሩን ያያል። የእህቴ ባልና ሌላ ሰው ሲሊንደሩን ተሸክመው አስገቡ። ጌጁን ስቀይር ብዘገይባት እህቴ ከአባቴ ጀርባ ተንጠራርታ ቁልፉን ቀማችኝ። መክፈቻውን አዞረችው። አየሩ ሲፍ አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያን ድምፅ ቆሞ አዳመጠ።

ቀለሙ የተመለሰው ቀስ እያለ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በትራስ ተደግፎ አጠገቡ እንድቀመጥ በእጁ ጠራኝ።

«ምን አቆየህ?» አለኝ። በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ሁለት ቃል ያህል ብቻ ነው።

ሁሉንም ነገርኩት። ሰሌዳውን፣ ሴትዮዋን፣ ማኅበሩንና ትራፊኩን፣ ክምሩን። የተማሪ ደብተር እንደሚያርም ሰው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አዳመጠ።

«ሕጉን... አወቅኸው?»

«አወቅሁት።»

«እንግዲህ... ሁለተኛ አይፈቱብህም?»

አዎ ማለት እችል ነበር። እህቴ ከበሩ ላይ ሆና አዎ በል የምትል ትመስላለች። «እንግዳ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፣ አባዬ» አልኩት። «መንገዱ መቼ እንደሚዘጋም።»

ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ግድግዳውን አየ። ግድግዳውን የመረገው ራሱ ነው፤ ጭቃው ውስጥ የጣቶቹ ዱካ አለ።  ሊተኛ ነው ብለን ነበር።

«ሱቁ አጠገብ... ክፍል ይከራያል?» አለኝ።

እህቴ «አባዬ፣ እዚህ ነው ያልከው እኮ» አለች። «እኛ እኮ አልደከመንም።»

«እኔ ደክሞኛል» አለ።

ክፍል ፈለግሁ። ከሱቁ ጀርባ፣ ሲሊንደሩ በእጅ ጋሪ የሚደርስበት፣ መኪና የማያስፈልገው አንድ ክፍል ተገኘ። ልንወስደው በመጣን ቀን መንደርተኛው ተሰብስቦ ከነወንበሩ ተሸክሞ እስከ ፒክአፗ አደረሰው። ሲሊንደሩ ከኋላ ተጭኖ፣ ቱቦው በኋላ መስኮት ገብቶ አፍንጫው ላይ ደረሰ። እህቴ የቤቱን በር ስትቆልፍ ለማየት አንገቱን ማዞር አልቻለም፤ ቱቦው ይይዘዋል። ጎረቤቶች «በርሲሳ፣ ቶሎ ና!» እያሉ የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው መቱ። ለመናገር አየር ስለሚፈጅ እጁን ብቻ አነሣላቸው።